ሞትህን ያላመነ ከተማ

ውዴ ዱካሌ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ዓመት ሲሞላ ድንጋጤው ይበርዳል ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ ዋሽተውኛል። ዛሬም ጠዋት ስነቃ የመጀመሪያ ሥራዬ መሞትህን ለራሴ መንገር ነው። እነግረዋለሁ፤ ክው ይላል፤ ከዚያ ተነሥቼ ሻይ እጥዳለሁ። አንዱን መርዶ በየቀኑ እንደ አዲስ የምትረዳ ሴት ድራማህ ውስጥ አስገብተህ ብታነብልኝ ኖሮ «ተጋኗል፣ ቀንሰው» እልህ ነበር። አሁን እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ለምን እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። «ቀባሪ አያሳጣኝ» ትናንት እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። አዎ፣ ያ ቴአትርህ። እኔ በሕይወት እያለሁ ሁለተኛ መጋረጃ አይከፈትለትም ብዬ የማልኩበት። ለምን እንደማልኩና መሐላዬን ማን እንዳስፈረሰኝ ለመንገር ግን ከሞትህ ቀን መጀመር አለብኝ፤ አንተ የራስህን ቀብር አላየህማ። ዕድሜ ልክህን የሰው ለቅሶ ስትጽፍ ኖረህ የራስህ ሲደርስ ተኝተህ አለፈህ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ስለ አንድ ጎረቤታችን ታወራኝ ነበር። ግማሹን አልሰማሁህም፤ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። «ስትመለስ ቲማቲም ይዘህ ና» አልኩህ። በቃ፣ ስንብታችን ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን የመጨረሻ ቃሌ ቲማቲም ሆነ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ ስምህ ወጣ። አነሣሁት። ድምፁ ግን ያንተ አልነበረም፤ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ለጋ ልጅ። «እትዬ፣ ባለቤትዎ አልነሣ አሉኝ» አለኝ። «ስጠውና ላናግረው» አልኩት። «እትዬ፣ እትዬ» ብቻ አለኝ። «እሺ፣ ቲማቲሙን እንዳይረሳ ንገርልኝ» አልኩት። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እውነቱን ልንገርህ? «ይሄ ሰውዬ ጥሩ ተዋናይ አግኝቷል» ብዬ አሰብኩ።

ኋላ ላይ ልጁ ሁሉንም ነገረኝ። እዚሁ ሐዋሳ፣ ከሰፈራችን ከአዲስ ከተማ ተሳፍረህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው መለማመጃ አዳራሽ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ስታስቀው ነበር። መሐል ላይ አንገትህን ወደ ጎን ጣል አደረግክ። እሱም የቀልዱ ማብቂያ መስሎት ሳቀ። «ይብቃዎት ጋሼ፣ መሪ ሊያስቱኝ ነው» እያለ እየሳቀ ነዳ። አዳራሹ በር ላይ ደርሶ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ነው ዝምታህ የከበደው። ዱካሌ፣ የጫነህ ሰው እየሳቀ አስከሬን ይዞ ከተማውን አቋረጠ። እስከ ዛሬም ባጃጅ ውስጥ የሚስቅ ሹፌር ሳይ ዞር ብዬ ተሳፋሪውን አያለሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ወጣት ነበር። ስምህን አነበበና «ደራሲው ናቸው?» ብሎ ፈገግ ሊል ሲል ፊቴን አይቶ ዋጠው። ልብ ነው አለኝ። እንደምታውቀው የሒሳብ መምህር ነኝ፤ መልስ ሲሰጠኝ እንዴት እንደተገኘ ካልታየኝ አልቀበልም። ጠዋት ጫማውን ያሰረ ሰው እንዴት ተደርጎ ነው ከቀትር በፊት «ነበር» የሚሆነው? ሐኪሙ አልተሰላቸም፤ ደጋግሞ አስረዳኝ። አሠራሩ ትክክል ነበር። መልሱ ግን አሁንም አልገባኝም።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ማንበቡ ስለማይቀር አንተ የምታውቀውን ጥቂት ልድገመው፤ ታገሠኝ።

ሳውቅህ የወጣቶች ክበብ ልጅ ነበርክ። በጭነት መኪና ላይ ቆማችሁ በየገበያው የጤና ትምህርት ድራማ ታሳያላችሁ። አንተ የጻፍካት የመጸዳጃ ቤት ድራማ ሰውን እጅግ ስላሳቀችው የጤና ባለሙያው ንግግሩን ሲጀምር ሰሚ አጣ፤ ሰዉ በድራማው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውን የቀበሌ ሊቀመንበር አወዳደቅ እያስመሰለ ይንከተከታል። አባቴ ከሸዋ በመምህርነት ተመድቦ የመጣ፣ ሳቅ የማይወድ ሰው ነበርና «ይሄ ልጅ ሥራ የለውም?» አለኝ። ሥራው ይኸው መሆኑን እስካስረዳው ዓመታት ፈጀብኝ። ባስረዳሁት ጊዜም «እንዲያማ ከሆነ ጡረታ የለውም» ብሎ አዘነልኝ።

ከክበቡ ወደ ሬዲዮ ድራማ፣ ከሬዲዮ ወደ ፊልም ገባህ። የመጀመሪያ ፊልምህ አዲስ አበባ ሲመረቅ አዲስ ሸሚዝ ለብሰህ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረህ ሄድክ። ስትመለስ አፍህ ተዘግቷል። ምን ሆንክ ስልህ «ሰው ሊስቅ ሲል ሙዚቃ ይለቁበታል» አልከኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመርክም። ሸሚዙንም ዳግም አልለበስከውም። ቆይቶ ሳምንታዊው የቴሌቪዥን ድራማ መጣ፤ ስምህ በየቤቱ ገባ። አዲስ አበባ ግባ ብለው ሲለምኑህ «እዚህ ሰው ሲጣላ እንኳ በሁለት ቋንቋ ነው፤ አንዱ ቢያልቅብኝ ሌላው አለ» ብለህ ሐዋሳ ቀረህ፤ ጽሑፉን በቴሌግራም ትልክላቸው ጀመር።

ቁጭ ብለህ ስትጽፍ ያየህ ግን ጥቂት ነው። የምትጽፈው በጆሮህ ነበር፤ በተለይ ለቅሶ ቤት። የማታውቀው ሰው ሲሞት እንኳ ድንኳን ገብተህ ካርታ የሚጫወቱት አጠገብ ጥግ ትይዛለህ። «ሰው እውነቱን የሚያወጣው ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲይዝ ነው» ትል ነበር። እኔ በሐፍረት እሞታለሁ፤ ሐዘንተኞቹ ግን እንደ ዱካሌ ለቅሶ የሚደርስ የለም ብለው ይመርቁሃል።

«ቀባሪ አያሳጣኝ» የወጣው ከዚያ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ የሚባል፣ ከሰፈሩ ሁሉ የተኳረፈ ሽማግሌ ሲሞት ማን እንደሚያለቅስለት ለማወቅ ሞትኩ ብሎ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። የእድሩ ሰዎች ዙሪያውን ከበው ያሙታል። ነገረኛ ነበሩ ይላሉ፤ ይችለዋል። ስስታም ነበሩ ይላሉ፤ ይችለዋል። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ተነሥቶ «ደግ ሰው ነበሩ» ሲል ግን ይህን ውሸት መቻል ያቅተዋል፤ ክዳኑን ወርውሮ ይነሣል። በዚያች ቅጽበት የሚፈነዳውን ሳቅ ከአዳራሹ ውጪ መንገድ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

መዘዙን ያመጣው ማስታወቂያው ነው። የእድራችንን ጡሩምባ ነፊ አግባብተህ በማለዳ በአዲስ ከተማ «ጋሽ ወርቁ ዐርፈዋል፣ ለቅሶው አዳራሹ ነው» እያሰኘህ አዞርከው። አንዲት ተዋናይት ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አዳራሹ በር ላይ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ነበር። ሰዉ «የትኛው ወርቁ ነው?» እየተባባለ ከነሐዘኑ መጥቶ ከትኬት መቁረጫው ጋር ተፋጠጠ። ገሚሱ ስቆ ገባ፣ ገሚሱ ሰድቦህ ገባ፤ የተመለሰ የለም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክሉ አስጠርተው «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ብለው ገሠጹህ፤ ጡሩምባ ነፊውንም ሁለተኛ በአንተ ቃል ጡሩምባ እንዳያነሣ አስማሉት። አንተ እየሳቅህ መጥተህ ነገርከኝ። ከተማው ለዓመታት ሲያወራው ኖረ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ሞትክ። ያውም አዲስ ቴአትር እየተለማመድክ መሆኑን ሁሉም በሚያውቅበት ሰሞን።

ከሆስፒታል ተመልሼ አንድ ጎረቤት ወደ እድሩ ላክሁ። ጡሩምባ ነፊው «ሁለተኛ አልሸወድም፤ ምያለሁ» ብሎ በሩን ዘጋበት። ጋሽ ተክሉ ግን ጨዋ ናቸውና እስከ ደጃችን መጡ። ቆመው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አጠኑት። «ወይዘሮ ጽጌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስከሬኑን በዓይኔ ሳላይ ድንኳን አላስወጣም» አሉኝ። አስከሬንህ ደግሞ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሆስፒታል ነው። ምን ላሳያቸው? እንባዬን? የምታለቅስ ሴትማ በአዳራሹ በር አይተዋል።

የቤታችንን ወንበሮች ግቢ አውጥቼ ከልጃችን ከሶስና ጋር ተቀመጥኩ። በሩን ከፍተነዋል፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ሰው ያልፋል፤ ያየናል፤ ፈገግ ይላል። አንዷ ቆም አለችና «ከፊተኛዋ አንቺ ትሻያለሽ፣ በርቺ» ብላኝ ሄደች። አንዱ ደግሞ ራሱን በበሩ አስገብቶ ትኬቱ የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ዱካሌ፣ ትኬት! ተነሥታ በሩን የዘጋችው ሶስና ናት። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሴት ባሏ እንደሞተባት እንዴት ታስረዳለች? እኔ ራሴ ያላመንኩትን ለማን ላሳምን? በዚያ ሰዓት ከጓዳ እየሳቅህ የምትወጣ መስሎኝ ደጋግሜ ዞር ብያለሁ። ብትወጣ ኖሮ በምን እንደምመታህ ሳይቀር አስቤያለሁ። «ቀባሪ አያሳጣኝ» ብለህ ጽፈህ ቀባሪ አጥተህ ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

ያመኑት እናትህ ብቻ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለችው መንደራቸው በቡሹሎ የሚኖረው የአጎትህ ልጅ ነገራቸው። እናትህ አንድም ቀን ቴአትርህን አይተው አያውቁም፤ ቴአትር ዓለማዊ ነው ብለው ያምናሉ፤ አንተም አልጫንካቸውም። ልጅዎ ምን ይሠራል ሲባሉ «ከተማ ይጽፋል» ይላሉ፤ መልሱ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ጋሽ ወርቁን አያውቁም፤ የጡሩምባውን ወሬ አልሰሙም። ልጅዎ ሞተ ሲባሉ ሞተ ማለት ሞተ ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ጀምረው በሲዳምኛ፣ በልጅነት ስምህ እየተጣሩህ መጡ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። በየግቢው ገባ። መጀመሪያ አንድ በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ። ትንሽ ቆይቶ ጡሩምባው ተነፋ። ማንም ሳያዘው ነው የወጣው። ኋላ ላይ መሐላህን ለምን አፈረስክ ብለው ሲጠይቁት «እናት በልጇ ሞት አትቀልድም» አለ።

ከዚያማ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቀድመው የመጡት እነዚያ ፈገግ ብለው ያለፉት ነበሩ። ስለ ትኬት የጠየቀኝ ሰውዬ እግሬ ላይ ካልወደቅኩ ሲል ሰዎች ያዙት። ጋሽ ተክሉ በዚያ ዕድሜያቸው የድንኳኑን ምሰሶ በገዛ እጃቸው ይዘው አቆሙ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። አልተቀየምኳቸውም። የተቀየምኩት አንተን ነው፤ ከአንተም ይልቅ ያንን ቴአትርህን።

የባሰው ግን መቃብሩ ላይ መጣ። የሕይወት ታሪክህን ያነበበው ከክበቡ ጀምሮ የነበረው ጓደኛህ ነው። ምስኪን፣ ሲጽፈው አላሰበውም። ስለ ትውልድህ አነበበ፣ ስለ ሥራህ አነበበ፣ ከዚያ «ዱካሌ ደግ ሰው ነበር» አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሳጥኑን አየ። ዘማሪዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ አካፋ የያዙት ሁሉ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። አንባቢውም ገባውና ወረቀቱ እጁ ላይ ቀረ። እኔም አየሁ። ጠበቅሁ። ሙሉ እምነቴን ሰብስቤ ያንን ክዳን ጠበቅሁት፣ ዱካሌ። አልተነሣም።

ከተማው መሞትህን ያመነው ያኔ ነው። እኔም ያንን ቴአትር ሁለተኛ ማንም አያየውም ብዬ የማልኩት ያኔ፣ እዚያው አፈሩ ዳር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ብዙ ተለዋወጠ። ጎረቤታችን ፎቅ ጀመረ፤ ጥርስህን እየፋቅህ ሐይቁን የምታይበት መስኮት አሁን የሚያሳየው ብሎኬት ብቻ ነው። ጓዳው ውስጥ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠራሁት፤ «ነገ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው ስለሌለ በአንድ ቀን አለቀ። ሶስና ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ገብታለች። ሳትነግረኝ ነው የገባችው። ሰልፍ ላይ ስታነብ ሰማኋት፤ ዐረፍተ ነገሩን ጨርሳ ከመሳቋ በፊት ልክ እንዳንተ አፍንጫዋን ታሻለች። ማን እንዳስተማራት እንጃ። ባየኋት ቁጥር ደርቄ እቀራለሁ።

ስልክህን አላዘጋሁትም። ከቀብርህ በኋላ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ የሳምንቱ ክፍል ዘገየብን ይላሉ። «ዱካሌ ሞቷል» አልኩት ሰውዬውን። ሳቀ። «እሺ፣ እስከ ሐሙስ ይነሣና ይላክልን» አለኝ። የቀብርህን ቀን ነገርኩት። ያኔ ነው ሲያለቅስ የሰማሁት። ድራማውን ሌላ ሰው ቀጥሎታል። ያቺን ሞኝ ገጸ ባሕርይህን እትዬ ዘነቡን አስተዋይ ሴት አድርጎብሃል፤ አንድም የሞኝ ነገር አይወጣትም፣ ሰው ስትመክር ነው የምትውለው። ሁለት ክፍል አየሁና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። አንተን ብቻ የቀበርን መስሎኝ ነበር።

ዓመትህ ሲቃረብ ብሩክ ከቡድኑ ጋር መጣ፤ ጋሽ ወርቁ ሆኖ የሚጫወተው ብሩክ። ለመታሰቢያህ «ቀባሪ አያሳጣኝ»ን ለአንድ ቀን እናሳይ፣ ፍቀጂልን አሉ። ሳይጨርሱ «በፍጹም» አልኳቸው። ብሩክ አንገቱን ደፍቶ፣ ከሞትህ ወዲህ ያንን ሳጥን ባየ ቁጥር ላብ እንደሚያጠምቀው ነገረኝ። «ግን አንድ ቀን ካልተኛሁበት ዕድሜ ልኬን ስፈራው ልኖር ነው» አለ። አሳዘነኝ፤ ሆኖም አልተመለስኩም። ይህ ቴአትር ባሌን ቀባሪ ሊያሳጣው የደረሰ ቴአትር ነው፤ በባሌ ሳጥን ማንም አይስቅም አልኳቸው። ሻያቸውን ሳይጠጡ ተነሡ።

እናትህ ለዓመትህ ከቡሹሎ መጥተው ከእኛው ጋር ተቀምጠው ነበር። ሰዎቹ ምን ፈልገው እንደመጡ ሶስናን ጠየቋት፤ በሲዳምኛ ነገረቻቸው። ቆይተው፣ በዚያ በሚቆጥቡት አማርኛቸው፣ እኔን እያዩ ተናገሩ። «ልጄ ምን ሠርቶ ነው፣ ሞተ ሲባል ሰው የሳቀ? አንቺ አይተሻል። ሰው ሁሉ አይቷል። እኔ አላየሁም። ልየው።»

ዓመት ሙሉ እኔ የራሴን ድንጋጤ ሳስታምም፣ እኚህ ሴት ልጃቸው የሞተ ቀን ከተማው ለምን ፈገግ እንዳለ ሳያውቁ ከርመዋል። ማንም አላስረዳቸውም። ምን ብለን እናስረዳቸው ነበር? «እማማ፣ ቤተ ክርስቲያንስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው፤ ማምለጫ ፈልጌ ነው። «ከጌታ ጋር እኔ እነጋገራለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ተዋናዮቹን ሮጣ መንገድ ላይ የመለሰቻቸው ሶስና ናት።

እናም ትናንት ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጋሽ ተክሉ ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ተቀምጠዋል። እናትህን በእኔና በሶስና መካከል አስቀመጥናቸው፤ ሶስና በጆሯቸው ትተረጉማለች። መጋረጃው ሲከፈት ሳጥኑ መሐል ላይ ነው። ቀለም የተቀባ ኮምፖርሳቶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስታስቀባው አብሬህ ነበርኩ። ያየሁት ግን ያንተን ሳጥን ነው።

ማንም አልሳቀም። ተዋናዮቹ ቀልዱን ይሰነዝራሉ፤ የሚቀበል የለም። ነገረኛ ነበሩ ተባለ፤ ዝም። ጃንጥላቸው እንዳይረጥብባቸው ዝናብ ሲመጣ ኮታቸው ስር ይደብቁት ነበር ተባለ። ያኔ ሰው ወንበሩን እየመታ የሚስቅበት ቦታ ነው፤ ትናንት አንድ ሰው አሳለ እንጂ ሌላ አልተሰማም። ከኋላዬ የሚያለቅስ አለ። የመድረኩ ሰዎች ግንባር በላብ ሲያበራ ይታየኛል። ጥፋት ነው፣ ከሁሉም በላይ ለእኚህ እናት ጥፋት ነው፣ ይቁም ልበል ብዬ ከወንበሬ ብድግ ስል የመድረኩ ዳኛ ተነሣ። «ደግ ሰው ነበሩ» አለ።

አዳራሹ መተንፈስ አቆመ። ሁላችንም ሳጥኑን አየነው፤ ልክ እንደዚያን ቀን። እኔም ቆሜ ቀረሁ። አይነሣም አልኩ በልቤ፤ አሁንማ አውቄያለሁ፤ አይነሣም። ክዳኑ በረረ።

ዱካሌ፣ ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔ፣ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ የማላደርገው ሴት፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮህኩ። ብሩክ ቀና ብሎ ተቀምጦ «ማነው ደግ? ማነው እኔን ደግ ያለው?» እያለ ይቆጣል። እሱም ያለቅሳል፤ እንባው እየወረደ ይቆጣል። ሰዉ ይሳቅ ይጩህ አላወቀም። በዚያ መሐል ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ይርገበገባል። ለቅሶ መስሎኝ ላቅፋቸው ዘንበል አልኩ። እየሳቁ ነው።

«አባቱ ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «ይሄ አባቱ ነው! ደግ ሲሉት ተቆጥቶ ከሰው መሐል ይሄድ ነበር!»

ክው አልኩ። ጋሽ ወርቁን ከየት አመጣኸው ብለው ሲጠይቁህ ዕድሜህን ሙሉ «ከድንኳን» ስትል ነው የሰማሁት፤ ለእኔም ያልከኝ ይህንኑ ነው። አባትህን አላገኘሁትም፤ ሳታገባኝ በፊት ነው ያለፈው፤ ሶስናም አያቷን በፎቶ እንኳ አታውቀውም። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በየመድረኩ ስታስነሣው የነበርከው እሱን ኖሯል። እናትህ ባላቸውን ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ሲቆጣ አዩት፤ ልጃቸውም ምን ይሠራ እንደነበር በዚያው ገባቸው። ሳቃቸው ወደ ፊት ረድፍ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ግድግዳ ወደተደገፉት። ጋሽ ተክሉ በባርኔጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይንፈቀፈቁ ነበር። እንዲህ ያለ ሳቅ አንተም አልሰማህም፤ ሰዉ ዓመት ሙሉ አምቆት የከረመ ነው።

ሲያልቅ ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ እናትህ አልተነሡም። ባዶውን ሳጥን ሲያዩ ቆዩና እጄን ያዙኝ። «ነገስ?» አሉኝ። «ነገም ይነሣል?»

ብሩክ የለመነኝ ለአንድ ቀን ነበር፤ የፈቀድኩትም ለአንድ ቀን ነው። ከመድረኩ ሆነው ተዋናዮቹ ያዩኛል፤ ጥያቄውን አልሰሙትም። የእናትህ እጅ በእጄ ውስጥ ይሞቃል። ምን እንደሚጠይቁኝ እኔም እሳቸውም እናውቀዋለን።

«ይነሣል እማማ» አልኳቸው። «ነገም ይነሣል።»

ውዴ፣ ሌላው ሰው ለሟቹ አልረሳህም ብሎ ይምላል። እኔ መሐላ ያፈረስኩ ሴት ስለሆንኩ አልምልልህም። ነገ አዳራሹ ሲከፈት ከእናትህ ጎን እቀመጣለሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ፤ ሰው እስከመጣ ድረስ። ዳኛው ተነሥቶ ያንን ውሸት ሲናገር ከሰዉ ሁሉ ጋር ትንፋሼን እይዛለሁ። ክዳኑ ሲነሣ ደግሞ፣ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ እንደ አዲስ እደነግጥልሃለሁ።

ሚስትህ፣
ጽጌ